እግር የሌለው መደርደሪያ

ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ኮሶበር

ዛሬ የደረሰኝን ደብዳቤ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ። አንዲት ነጥብ አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም።

«ለአቶ ክንዴ ውብአየሁ፤ ኮሶበር። ለኮሶበር ንባብ ቤት የተፈቀደው ቋሚ መደርደሪያ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ እግር የሌለው ተንጠልጣይ መደርደሪያ በግድግዳ ላይ መስቀልዎን ከላኩልን ሪፖርት ተረድተናል። እግር የሌለው ዕቃ ቋሚ ሊባል አይችልም። ስለዚህ እስከ ጥር 5 ቀን ወርዶ በቋሚ ካልተተካ መጻሕፍቱ ወደ ዳንግላ የሚዛወሩ መሆኑን እናስታውቃለን። ሀብቱ ምህረቴ፤ የንባብ ቤቶች ተቆጣጣሪ፤ ዳንግላ።»

እግር የሌለው ዕቃ ቋሚ ሊባል አይችልም። ቋሚ ሠራተኛ ቋሚ የተባለው እግር ስላለው ነው? እንዲያ ከሆነ ጊዜያዊ ሠራተኞች ሁሉ በምን እየሄዱ ነው ቢሮ የሚገቡት? ቋሚ ማለት የሚዘልቅ፣ የማይነሣ ማለት ነው። ፈቃዱን ያረቀቀው ሰው ይህን ማለቱ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን ወንበር ታየው።

እግር ያላደረግሁበት ምክንያት አለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ወለሉ ጭቃ ነው፤ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ እንጨት ያበሰብሳል። በግድግዳው ሥር ያለው መደብ ዘጠኝ አንባቢ ያስቀምጣል፤ እግር ያለው መደርደሪያ ብናቆም አምስቱ ይነሣሉ። ይህን ሁሉ በሪፖርቴ ጽፌ ነበር። አላነበቡትም።

ዘጠና ስድስት መጻሕፍት ናቸው። ከአዲስ አበባ ራሴ ለምኜ፣ ራሴ ጠርዤ ያመጣኋቸው። እኔም ወደዚህ የመጣሁት በፈቃዴ ነው ማለት ይቻላል።

ኅዳር 13

መልስ ጻፍኩ። አምስት ገጽ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደስ ብሎኛል፦ «መደርደሪያው ከተሰቀለ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።» ለጭነት መኪናው ሹፌር ለደሴ ሰጠሁት። ነገ ረፋድ ላይ ወደ ዳንግላ ይነሣል።

ኅዳር 14

መደርደሪያው ወረደ። ረፋድ ላይ። ሰው አልነበረም፤ ማንም አልተጎዳም። ሁለት መጻሕፍት ጠርዛቸው ተላቀቀ።

የደሴ መኪና ገና ሞተሩ ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር። ሮጬ ደብዳቤውን ልቀበለው እችል ነበር። ግን መጻሕፍቱን ከመሬት መሰብሰብ ነበረብኝ።

ኅዳር 15

ደርበውን አስጠራሁት። ደርበው የዚህ ከተማ አናጢ ነው። የዋንዛውን ጣውላ የላገው እሱ ነው፤ የሰቀልኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «መጀመሪያ ግድግዳውን ያንኳኩት ጋሼ» ብሎኝ ነበር። እኔ በሜትር ለካሁ። ከጥጉ ጀምሮ በየስድሳ ሳንቲሜትሩ አንድ ቋሚ እንጨት ከጭቃው ሥር ይኖራል ብዬ አስልቼ እዚያ እዚያ ላይ ቸነከርኩ። ሥርዓት ያለው ግድግዳ እንዲያ ነው የሚሠራው። ቤይሩት አምስት ዓመት ሒሳብ የተማርኩት ለማንኳኳት አይደለም።

ደርበው የወለቀውን ግድግዳ ቆሞ አየ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ፈረስ ነው» አልኩት፤ አንዳንድ አንባቢ በፈረስ መጥቶ ውጭ ያስራልና። «የወርቅአየሁ ፈረስ ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን ታከከው።»

ወጣ። ፈረሶች የሚታሰሩበትን አይቶ ተመለሰ።

«ፈረሱ የሚታሰረው በወዲያኛው ግድግዳ ነው።»

«ገመዱ ረጅም ነው።»

«ረጅም ነው» አለ ደርበው።

ከዚያ የቀረውን ምስማር በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣው። በሁለት ጣቱ። «ይኸኛው የያዘው ቀርከሃ ነው ጋሼ። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ምስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል። ያኛው ደግሞ ጭቃ ብቻ ነው የያዘው። ሦስት ሳምንት መቆየቱ ለጭቃው ክብር ነው።»

መሳቅ አልፈለግሁም።

ኅዳር 20

ከዋጋዬ ሱቅ ደጃፍ ስደርስ የውስጡ ወሬ ተሰማኝ።

«ተንጠልጣዩ እንዴት ዋሉ?»

«የትኛው? መደርደሪያው ወይስ ሰውየው?»

«ሁለቱም በአንድ ምስማር ናቸው አሉ።»

ገባሁ። ሁሉም ተነሥተው እጅ ነሱ። ክብሪት ልገዛ ነበር የሄድኩት፤ ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

ደብዳቤዬ እስካሁን ዳንግላ ደርሷል። «የፀጉር ያህል።» ምን ነበር ያን ባልጻፍኩ።

ኅዳር 27

ዛሬ በጽሞና ልጽፈው የሚገባ ነገር ሆነ።

ደርበውና እኔ ከጧት ጀምሮ ግድግዳውን ስናንኳኳ ነበር። አዎ፣ እኔም አንኳኳሁ። ባዶ ቦታ ሲሆን እንደ ከበሮ ይጮሃል፤ እንጨት ያለበት ላይ ድምፁ አጭር ነው፣ ይሞታል። ግን ጭቃው አንዳንድ ቦታ ወፍራም ስለሆነ ያታልላል። ደርበው «አለ» ሲል እኔ «የለም» እላለሁ፤ ወስፌ ሰድደን ስናይ አንዴ እሱ፣ አንዴ ጭቃው ይረታል። እኔ አንድም ጊዜ አልረታሁም።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ዘውድነሽ መጡ። ቤቱ የሳቸው ነው፤ ይህን ክፍል ለንባብ ቤት የሰጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በሩ ላይ ቆመው «ከጧት ጀምሮ የሚያንኳኳው ማን ነው? ግባ የሚለው ሰው አጥቶ ነው?» አሉ።

«ቋሚውን እየፈለግን ነው እመቤቴ» አለ ደርበው።

«እኔ ቆሜ ሳለሁ ግድግዳ ትጠይቃላችሁ?»

ገብተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸውን እንኳ አላነሡም። «ይኸ የገብረ ማርያም ነው። ጥድ ነው። ከጫካ ለአራት ተሸክመው አመጡት፤ አንዱ ትከሻው ተልጦ ነበር። ይኸ የወንድሜ ነው፤ ጥድ። ወደዚህ ደግሞ፣ እዚህ ጋ፣ የበቀለች ነው። ባሏ ሞቶባት ነበር፤ በበሬ አስጎትታ ወይራ ይዛ መጣች። ሴት ናት ብሎ ማንም እንዳይንቃት።»

ቤቱ በ1934 ሲሠራ ጎረቤት ሁሉ በደቦ መጥቷል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቋሚ ተሸክሞ ይመጣል፣ ተራው በደረሰበት ቦታ በገዛ እጁ ይተክላል። ከዚያ በመካከሉ ቀርከሃ ይጠላለፋል፤ በሁለቱም ወገን በጭድ ጭቃ ይመረጋል። ስለዚህ በቋሚና በቋሚ መካከል ያለው ርቀት በሜትር አይለካም። የሚለካው በሰው አመጣጥ ነው። የማለደውና ያረፈደው አንድ አይደለም፤ ተጠጋግተው የተከሉት ወዳጆች ናቸው። ይህን የሚያስተምር ክፍል ቤይሩት አልገጠመኝም።

እኔ ከቸነከርኩባቸው ሦስት ቦታዎች አንዱ እንጨት አግኝቶ ነበር። እሱን አሳየኋቸው። ቢያንስ አንዱን በስሌት አግኝቻለሁ ለማለት ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ነካ አደረጉትና ለደርበው በአገውኛ አንድ ነገር ነገሩት። ሁለቱም ሳቁ። በማልሰማው ቋንቋ ሲሳቅ ደስ አይለኝም።

«ምን አሉ?»

«የምህረቴ ነው አሉ።»

«የየትኛው ምህረቴ?»

«የሀብቱ አባት» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «የዳንግላው ሹምዎ አባት። ያን ጊዜ እዚህ ጎረቤታችን ነበር። ጫካው የሱ ነበር፤ ይዞ የመጣው ግን የመጥረጊያ እጀታ የሚያህል እርጥብ ባሕር ዛፍ። ሰው አይቶ ዝም አለ። ደቦ የመጣ ሰው አይነቀፍም።»

ደርበው ወስፌውን ሰደደበት፤ ዱቄት ወጣ። ነቀዝ ጨርሶታል።

«ልጁ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እዚህ አልጽፈውም። ጥሩ ደስታ አልነበረም፤ ግን ትልቅ ነበር።

ታኅሣሥ 5

የአሠራሩ ነገር። ምስማር የለም፣ ብረት የለም። ደርበው ሦስት የወይራ ችካል ጠርቧል፤ ውፍረታቸው የሁለት አውራ ጣት። ሦስቱን ጠንካራ ቋሚዎች በመሠርሰሪያ ከወዲህ ወዲያ እንበሳለን። ችካሎቹ ገብተው በውጭ በኩል በሽብልቅ ይወጠራሉ፤ በውስጥ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ይወጣሉ። የጣውላው ጀርባ አራት ጣት ውፍረት ስላለው ሦስት ቀዳዳ ይበሳበትና ችካሎቹ ላይ ተገፍቶ ይገባል። ሲያልቅ የሚታየው ጣውላ ብቻ ነው።

«ይኸን ከማን ተማርክ?» አልኩት።

«ከኩላብ። የአያቴ ጋሻና ኮርቻ የሚሰቀልበት ኩላብ እንዲህ ነበር የተሠራው። ይኸ ኩላብ ነው፤ ረዘም ያለ።»

መጻሕፍቱን በእህል ነጋዴው ሚዛን አስመዘንኩ። ሰባ ሁለት ኪሎ። ጣውላው አሥራ ስምንት። ሰው እንደ ዋዛ «መጽሐፍ» ይላል።

ታኅሣሥ 8

መሠርሰሪያውን እኔ ካላዞርኩ አልኩ። የገብረ ማርያምን ጥድ እስከ እኩለ ቀን ስታገለው ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ። ደርበው ቀሪውን በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። ጥዱ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ሲበሳ አሁንም ሸተተ።

ታኅሣሥ 10

ተጣላን። ደርበው ችካሎቹን ወደ ላይ ጥቂት ቀና አድርጎ አስገባቸው። ጣውላውን ስንሰካው የውሃ ልኬ አረፋ ወደ ፊት ሸሸች።

«ጠማማ ነው» አልኩ።

«ቀና ያለ ነው» አለ።

«የውሃ ልክ አይዋሽም።»

«የውሃ ልኩ ባዶ ጣውላ ነው ያየው ጋሼ። ጭነት አላየም።»

አፍርሰህ ሥራ አልኩት። አላፈርስም አለ። በሕይወቴ ከአናጢ «አላፈርስም» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መጻሕፍቱን እየተነጫነጭኩ ደረደርኩበት፤ ስሕተቱን ላሳየው። ሰባኛው መጽሐፍ ላይ አረፋዋ መካከል ገብታ ቆመች። ዘጠና ስድስተኛውን ከደረደርኩ በኋላም እዚያው ናት።

ደርበው መጋዙን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ብዙ ጊዜ እኔም እንዲሁ ዝም ብል ጥሩ ነበር።

ታኅሣሥ 11

መጻሕፍቱን አወረድኩ። ፈተና ያስፈልጋል። ሰው ሥሩ የሚቀመጥበት ዕቃ ከሚሸከመው እጥፍ ተጭኖ መታየት አለበት። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሁለት ጆንያ ድንች አዋሱኝ። ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ እስከዚያ መደቡ ላይ ሰው አይቀመጥም።

ታኅሣሥ 13

የዋጋዬ ሱቅ። «ንባብ ቤቱ ድንች እያነበበ ነው አሉ።» «ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ዛሬ እኔም ሳቅሁ፤ ውጭ ሆኜ።

ታኅሣሥ 14

ድንቹ ወረደ። ይህኛው በእውነት ወረደ፤ ደርበውና እኔ ነን ያወረድነው። በችካሎቹ ዙሪያ ጭቃው የክር ያህል አልተሰነጠቀም። የውጭዎቹን ሽብልቆች በመዶሻ መታሁ፤ አልገቡም። አንባቢዎቹ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ዘጠኙም መደቡ ላይ፣ ራሳቸው በጣውላው ሥር። ከማንበብ ይልቅ እነሱን ስመለከት ዋልኩ።

ታኅሣሥ 22

ወርቅአየሁ አንድ እንስራ ማር ይዞ መጣ። ከጥርባ ወገን በፈረስ እየመጣ ሁልጊዜ እርሻ የሚያስተምረውን መጽሐፍ የሚያነብ ጨዋ ገበሬ ነው።

«ፈረሴ ያጠፋውን ሰማሁ» አለ። «እንዳፈርኩ ነው። ከእንግዲህ ወንዙ ዳር አስሬ በእግሬ እመጣለሁ።»

«ምንም አይደለም» አልኩት።

ማሩን ተቀበልኩ።

ታኅሣሥ 24

ወርቅአየሁ ከወንዙ በእግሩ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል። ማሩን አልነካሁትም።

ጥር 2

ገና አለፈ። ብዙ ሰው ጠራኝ፤ የሄድኩት ወይዘሮ ዘውድነሽ ቤት ብቻ ነው። እዚያ ወርቅአየሁ ነበር። ከሰው ፊት ነገርኩት። «ፈረስህ ጥፋት የለበትም። ግድግዳውን ሳላንኳኳ የቸነከርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወርቅአየሁ «ፈረሴም እኮ አላመነም ነበር» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማሩን ልመልስለት ስል አልቀበልም አለ፤ «ለእውነቱ ይሁን» አለኝ። ዛሬ ቀመስኩት።

ነገር ግን የዳንግላው ደብዳቤ አለ። «የፀጉር ያህል።» እሱ የሚላከክበት ፈረስ የለውም።

ጥር 4

ተቆጣጣሪው መጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጫማው ያልቆሸሸ፣ ፋይሉን በብብቱ የያዘ ሰው። ከመግባቱ ጎንበስ ብሎ በጣውላው ሥር አየ።

«እግሩስ?»

አሥራ አንድ ነጥብ ያለው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወይዘሮ ዘውድነሽ ገቡ።

«አንተ ሀብቱ። የምህረቴ ልጅ። እንዲህ አደግህ?»

ፋይሉን አስቀምጦ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ፤ በትከሻው ያዙት። «አባትህ በዚህ ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ታውቃለህ?» አሉት።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይህን ከኅዳር ጀምሮ ስጠብቅ ነበር።

እጁን ያዙና ወሰዱት። ወደ ባሕር ዛፉ አልነበረም። የገብረ ማርያም ጥድ ላይ አሳረፉት። «ይኸን የተከለ አባትህ ነው። ከጫካ ለአራት ተሸክመው ያመጡት።»

ደርበው አሳለውና ጣሪያውን አየ። ሀብቱ በጣቱ አንኳኳ። ድምፁ አጭር ነበር፣ ሙሉ። እንደገና አንኳኳ፤ ከዚያ ጣቱን እዚያው ተወው።

«አባቴ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።»

«አይናገረውም» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። ይህ ሐሰት አልነበረም።

እኔ በሰው ደብዳቤ ላይ ነጠላ ሰረዝ ሲዛነፍ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሰው ነኝ። ላርም አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ሀብቱ ወደ ደርበው ዞረ። «ጣውላው የሚያርፈው በምን ላይ ነው?»

«በዚህ በአባትዎ ቋሚ ላይ። በዚያኛውና በዚያኛው ቋሚ ላይም።»

«በቋሚ» አለ ሀብቱ። የራሱን ደብዳቤ ግልባጭ ከፋይሉ አውጥቶ አነበበ። «በቋሚ ካልተተካ» የሚለው ላይ ደርሶ መሳቅ ጀመረ። ይህ ነጥብ ሰባተኛዬ እንደ ነበር ነገርኩት። «ይቅር አቶ ክንዴ፣ ገባኝ» አለኝ። ከዚያ መደቡ ላይ፣ ከጣውላው ሥር ተቀምጦ እስከ አሥር ሰዓት አነበበ። ሲሄድ «እኔ በበኩሌ ተስማምቻለሁ፤ የበላዮቼን ጠይቄ አስታውቃለሁ» አለ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ወይዘሮ ዘውድነሽን ጠየቅኋቸው። «ለምን እንዲያ አሉት?»

«አባቱስ ያመጣውን አመጣ። ልጁ ግን ያን ቀን ከጧት እስከ ማታ ጭቃውን በእግሩ ሲረግጥልን ዋለ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ብርዱ እግሩን ሰንጥቆት። ታዲያ ምን ልበለው?»

ጥር 13

የጥምቀት ግርግር አለቀ። ደሴ ከዳንግላ ተመለሰ።

«አቶ ሀብቱ መልእክት ልከውልዎታል። ‹ለጊዜው ይሁን› ብለዋል።»

«‹ለጊዜው ይሁን› ነው ወይስ ‹ይሁን›?»

«ሞተሩ ይጮህ ነበር ጋሼ። ‹ይሁን› የሚለውን ግን በደንብ ሰምቻለሁ።»

ለጊዜው። እኔም ወደዚህ ስላክ «ለጊዜው ነው» ተብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ወደ አዲስ አበባ መመለስ እፈልጋለሁ ብዬ ያመለከትኩት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ማመልከቻው የት እንደ ደረሰ አልጠየቅሁም፤ እንዲገኝም አልፈልግም። ለምን ይህን እንደምጽፍ አላውቅም። ጉዳዩ የመጻሕፍቱ ነው።

ጥር 15

ዛሬ የላክሁት ደብዳቤ ግልባጭ ይህ ነው።

«ለአቶ ሀብቱ ምህረቴ፤ ዳንግላ።

አንደኛ። ኅዳር 13 ቀን በጻፍኩት ደብዳቤ መደርደሪያው የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም ብያለሁ። በማግሥቱ ወደቀ። ደብዳቤው ከዚህ ሳይነሣ ልመልሰው እችል ነበር፤ አልመለስኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።

ሁለተኛ። አሁን ያለውን መደርደሪያ የሠራው አናጢው ደርበው ነው። የሠራው በሦስት ቋሚ ላይ ነው፤ ቋሚዎቹን ያሳዩን የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው። በሁለት ጆንያ ድንች ሦስት ቀን ተፈትኗል። በሪፖርቱ የእኔ ስም ካለበት ተሰርዞ የሁለቱ ይጻፍ።

ሦስተኛ። በሥሩ በየቀኑ ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል። የዘጠኝ ሰው ራስ ‹ለጊዜው› በሚል ቃል ሥር አይቀመጥም። መጻሕፍቱ በኮሶበር ይቆያሉ ወይም ይዛወራሉ፤ ሁለቱን ቃላት የሚያጋጥም ሦስተኛ ቃል አልቀበልም። የሚዛወሩ ከሆነ ራሳችሁ መጥታችሁ፣ አንባቢዎቹ ተቀምጠው ሳሉ፣ አንድ በአንድ ታወርዷቸዋላችሁ። የሚቆዩ ከሆነ ግን ጠባቂያቸውም አብሮ የሚቆይ መሆኑ ይጻፍልኝ።

መልሱ እስከ የካቲት 1 ቀን 1957 ዓ.ም. በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ይድረሰኝ። በሹፌር አፍ የሚመጣ መልስ እንዳልመጣ እቆጥረዋለሁ።

ክንዴ ውብአየሁ፤ ኮሶበር።»